ለደረጃ 2ቢ የማህፀን በር ካንሰር ጅማ ላይ ስንት ብር ይዘን እንግባ?

እህቴ፣ ፈጣሪ እናትሽን ይማርልሽ። እንደጻፍሽው እናትሽ 52 ዓመታቸው ነው፣ ከአጋሮ ነው የሚመጡት፣ ባዮፕሲው (የሥጋ ናሙና ምርመራው) የማህፀን በር ካንሰር ብሏል፣ ደረጃው 2ቢ ነው፣ የማህበረሰብ ጤና መድን ደብተርም አላቸው። «ስንት ብር እንያዝ? መድኑስ ምኑን ይሸፍናል?» ነው ጥያቄሽ። የብር ቁጥር ብጽፍልሽ በሁለት ወር ውስጥ ያረጃል። ስለዚህ ስንት ቀን፣ ስንት ጊዜ እንደሚሆን ልስጥሽና በዕለቱ ዋጋ ራስሽ አባዢው።

2ቢ ማለት በሽታው ከማህፀን በር ወጥቶ በጎን ወዳለው ሥጋ ገብቷል ማለት ነው። እዚህ ደረጃ ላይ ዋናው ሕክምና ጨረርና ኬሞ አንድ ላይ ነው፤ ቀዶ ጥገና አይደለም። ዘመድ ተሰብስቦ «ማህፀናቸው ይውጣና ይገላገሉ» ቢል አትስሚ። በዚህ ደረጃ ማህፀን ቢወጣም ካንሰሩ ጎን ላይ ይቀራል፣ ጨረሩም አይቀርም። የቀዶ ጥገናው ብር በከንቱ ይሄዳል፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ደግሞ ጨረሩ ይዘገያል።

አሁን ወደ ቆጠራው። የውጪው ጨረር (ከሰውነት ውጭ ሆኖ በማሽን የሚሰጠው) አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 28 ቀን ነው፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከአምስት ሳምንት በላይ ሊሄድ ይችላል። ከዚያ የውስጥ ጨረር (ብራኪቴራፒ) ይከተላል፤ እንደ መጠኑ ከ2 እስከ 4 ጊዜ ነው። ሁሉም በ56 ቀን ውስጥ ቢያልቅ ይመረጣል፣ ሲረዝም ውጤቱ ይቀንሳልና። ድሮ ለጨረር የሚኬደው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሜዲካል ሴንተርም የጨረር ክፍል አለ። ግን ቀጠሮ ስትይዢ ሁለት ነገር ለይተሽ ጠይቂ፦ ማሽኑ በዚህ ሳምንት እየሠራ ነው ወይ? የውስጥ ጨረሩስ እዚሁ ይሰጣል ወይስ አዲስ አበባ ትልኩናላችሁ? የሁለተኛው መልስ «አዲስ አበባ» ከሆነ 350 ኪሎ ሜትር መንገድና የማረፊያ ወጪ በሂሳብሽ ላይ ይደመራል። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አቅም ለሌላቸው ታካሚዎች ማረፊያ ስላለው ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቂ።

ቤተሰብን የሚያራቁተው ይሄ መመላለስ ነው። ከአጋሮ ጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቅርብ ይመስላል። 25 ቀን፣ ታካሚና አስታማሚ፣ ደርሶ መልስ፦ 100 ትኬት። የባጃጁ ለብቻ። ስለዚህ የአንድ ክፍል የስድስት ሳምንት ኪራይ ከዚህ ጋር አወዳድሪ፤ ደም ለሚፈሳትና ጨረሩ ተቅማጥ ላመጣባት ሴት ደግሞ በሚኒባስ መንገጫገጭ ራሱ ሌላ ሕመም ነው። ቡና ሲሸጥ የሚገባ ብር ካላችሁ ለመድኃኒት ብላችሁ ሁሉንም አታስቀምጡት፤ ለኪራይና ለምግብ ለዩት። መድኑ ትራንስፖርት፣ ቀለብና ማረፊያ አይሸፍንም።

ኬሞው ሲስፕላቲን ነው፤ በሳምንት አንዴ፣ 5 ወይም 6 ጊዜ። መጠኑ ለአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 40 ሚሊ ግራም ነው። እናትሽ 1.5 ካሬ ሜትር ቢሆኑ 60 ሚሊ ግራም ይሆናል። «ሆስፒታሉ ጨርሷል፣ ውጭ ግዙ» ከተባላችሁ ጠርሙሱ ባለ 50 እና ባለ 10 ሚሊ ግራም አለ። አንድ 50 እና አንድ 10 ስትገዢ ልክ ይመጣል፤ ሁለት ባለ 50 ብትገዢ 40ው ይደፋል። እና እባክሽ ይህን መድኃኒት ፍሪጅ ውስጥ አታስገቢው። ብዙ ሰው የካንሰር መድኃኒት ሲባል ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጣል፤ ፈሳሹ ሲስፕላቲን ሲቀዘቅዝ ይዘቅጣል። ከነካርቶኑ ከብርሃን ተከልሎ በክፍል ሙቀት ይቀመጥ። ከመድኃኒቱ ጋር በየሳምንቱ ግሉኮስ ሳይሆን ኖርማል ሳላይን ሁለት ሊትር ያህል፣ ካኑላ (ደም ሥር ላይ የሚሰካው ቱቦ)፣ የማቅለሽለሽ መድኃኒት (ኦንዳንሴትሮንና ዴክሳሜታዞን) ይታዘዛል። እነዚህ ትንንሽ ናቸው ግን በስድስት ሲባዙ አይናቁም።

በየሳምንቱ ከኬሞ በፊት የደም ምርመራና ክሬያቲኒን (የኩላሊትን አሠራር የሚያሳይ ምርመራ) አለ። ክሬያቲኒን ከፍ ካለ ሲስፕላቲኑ ይቀራል፣ ምክንያቱም መድኃኒቱ ኩላሊት ይጎዳል፤ ካንሰሩ ራሱም የሽንት ቱቦውን ሊጫን ይችላል። አልትራሳውንዱ ላይ «ኩላሊት አብጧል» የሚል ካለ ቀጠሮ ሳትጠብቂ አሳዪ። ሂሞግሎቢን (የደም መጠን ልኬት) ከ10 በታች ከሆነ ደም ይሰጣል፤ ደም አይሸጥም፣ ግን ምትክ ለጋሽ ሊጠየቅ ስለሚችል ሁለት ጤነኛ ዘመድ አዘጋጁ። የደም ማነስ ኪኒን ብቻ እየዋጡ «ይሞላል» ብሎ መጠበቅ ሳምንታት ይበላል።

ሲቲ ስካን ላይ ሰው የሚጣላበት ነገር አለ። ለምርመራ ተነሥተው ሳለ ጨረር ክፍል «ድጋሚ ተነሡ» ይላቸዋል። ማጭበርበር አይደለም፤ ሁለተኛው ጨረሩ የት እንደሚያርፍ ለመለካት ነው፣ ታካሚዋ በምትታከምበት አተኛኘት መሆን አለበት። የመጀመሪያው ላይ ግን ሐኪሙን «ይህ ሲቲ ሕክምናውን ይለውጠዋል ወይስ አልትራሳውንድና የደረት ራጅ ይበቃል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

መድኑን የሚያበላሸው ወረቀት ነው። ከጤና ጣቢያ ወደ አጋሮ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ጅማ፣ ሪፈሩ ሳይዘለል። ሪፈር ሳይኖር በቀጥታ ከገባችሁ ከፊሉን ወይም ሁሉንም ራሳችሁ ትከፍላላችሁ። ደብተሩ ላይ ያለው ስም ከመታወቂያውና ከሪፈሩ ጋር በፊደል አንድ መሆኑን አሁን እዩ፤ «ከድጃ» እና «ኸዲጃ» መስኮት ላይ ሁለት ሴቶች ናቸው። ደብተሩ በሕክምናው መሀል የሚያልቅ ከሆነ አስቀድማችሁ አሳድሱ። ወደ አዲስ አበባ ከተላካችሁ ደግሞ የወረዳው መድን ከሚቀበላችሁ ሆስፒታል ጋር ውል እንዳለው ወረዳው ራሱ ያረጋግጥ። ውጭ ለሚገዛ መድኃኒት የሆስፒታሉ ፋርማሲ ማዘዣው ላይ «የለም» ብሎ ማህተም ያድርግ፣ ደረሰኙም በእናትሽ ስም ይሁን። ወረዳው ሊመልስ ቢችል እንኳ ያለ እነዚህ ሁለቱ ወሬ ነው። መዋጮ መክፈል ያቃታቸው ካሉ የነፃ ሕክምና ወረቀት ከቀበሌ ተነሥቶ በወረዳ ይጸድቃል፤ ከታመሙ በኋላ ቀን ስለሚወስድ ቶሎ ጀምሩ።

የባዮፕሲውን ወረቀት ብቻ ሳይሆን ናሙናው የተቀመጠበትን ብሎክ (በሰም የታሸገውን ሥጋ) እና ስላይድ (በማይክሮስኮፕ የሚታየውን መስታወት) ተቀበሉ። ሌላ ሆስፒታል «የራሴ ፓቶሎጂስት (የናሙና መርማሪ ሐኪም) ይይ» ሲል ብሎክ ካለ ድጋሚ መቆረጥ አይኖርም። እንደገና የሚቆረጥ ከሆነ ናሙናው በፎርማሊን (የናሙና ማቆያ ፈሳሽ) መሆኑን አይታችሁ ውሰዱ፤ በውሃ ወይም በሳላይን ከገባ ይበላሻል፣ ብሩም ሳምንቱም ይባክናል።

ጠበሉንም ዱዓውንም የሚከለክል የለም፣ የጨረሩ ቀን ብቻ አይዝለል።

አንቺና እህቶችሽ ከ30 እስከ 49 ከሆናችሁ በኮምጣጤ የሚደረገው ቅድመ ምርመራ በመንግሥት ጤና ጣቢያ አለ፤ እናትሽን ለማስታመም ጅማ ስትመጪ በዚያው ተመርመሪ። የእናትሽን የመጨረሻ ክሬያቲኒንና ሂሞግሎቢን ቁጥር፣ የአልትራሳውንዱንም ጽሑፍ እዚህ ለጥፊው፤ ቀጠሮው ሳይደርስ ምን መስተካከል እንዳለበት ከዚያ ይታያል።