ለካምኮርደር ኤችዲ ቪዲዮ ምን ዓይነት ኮምፒውተር ይሻላል?

ወንድሜ፣ ያነሳኸው ጥያቄ ብዙዎችን የሚያስቸግር ነው። ከካምኮርደርህ ያወጣኸው ቪዲዮ በተራ ማጫወቻ ጥርት ብሎ ይሄዳል፤ ኤዲቲንግ ውስጥ ሲገባ ግን ስታክ ያደርጋል። ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ልግዛ ወይ ብለሃል። ከልምዴ ስነግርህ፣ ገንዘብህን መጀመሪያ እዚያ ላይ አታውጣው።

አብዛኛው ኤችዲ ካምኮርደር የሚቀዳው ሶኒና ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባስተዋወቁት ኤቪሲኤችዲ (AVCHD) በሚባል የቀረጻ ፎርማት ነው። ቪዲዮውን የሚያምቀው፣ ማለትም ብዙ ቦታ እንዳይዝ የሚያሳንሰው ኮዴክ ኤች 264 (H.264) ይባላል። ይህ ኮዴክ ሁሉንም ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራባቸውን ነጠላ ምስሎች) ሙሉ አድርጎ አያስቀምጥም። አንድ ሙሉ ፍሬም ይይዝና ለቀጣዮቹ በአብዛኛው የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። ዝም ብለህ ወደ ፊት ስታጫውተው ምንም አይልም። ኤዲት ስታደርግ ግን ወዲያና ወዲህ ትላለህ። አንድ ፍሬም ብቻ ወደ ኋላ ልመለስ ስትል፣ ፕሮሰሰሩ ከኋላ ያለውን ሙሉ ፍሬም ፈልጎ፣ ከዚያ እስከምትፈልገው ድረስ ያለውን እየፈታ መምጣት አለበት። ለአንዷ ፍሬም ብሎ አስር፣ አስራ ምናምን ፍሬም ሊፈታ ይችላል። ሁለት ቪዲዮ ደራርበህ ከለር ስትነካካማ ጭነቱን አስበው።

ራስህ እየው። የኮምፒውተሩን ጭነት የሚያሳየውን የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ክፈትና ኤዲቲንግ ሶፍትዌርህ ውስጥ ታይምላይኑን (ቪዲዮዎቹ የተደረደሩበትን መስመር) አጫውት። ፕሮሰሰሩ 100 ፐርሰንት አካባቢ ሲጨናነቅ ዲስኩ ምንም ሳይመስለው ታገኘዋለህ። የመጀመሪያው ኤቪሲኤችዲ ቢበዛ በሰከንድ 24 ሜጋቢት ነው። ለ8 ስታካፍለው 3 ሜጋባይት ይመጣል። ያረጀ ሃርድ ዲስክም አይከብደውም።

ስለዚህ ቅድሚያ የሚሰጠው ፕሮሰሰሩ ነው። የኮር (በውስጡ ያሉት የማስላት ክፍሎች) ብዛት ብቻ አይተህ ግን አትግዛ። ኤች 264ን ለመፍታት ተብሎ የተሠራ ክፍል ያለው መሆኑን አረጋግጥ። ኢንቴል ይህን ኩዊክ ሲንክ ብሎ ከ2011 ጀምሮ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ካለው ግራፊክስ ጋር ያስገባል። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ፦ ከዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ መካከል ስማቸው በኤፍ ፊደል የሚያልቀው ያ ግራፊክስ የላቸውም፤ ስለዚህ ኩዊክ ሲንክም የለም። የኤንቪዲያና የኤኤምዲ ካርዶችም የራሳቸው መፍቻ አላቸው። ለዚህ ሥራ ግን መካከለኛ ካርድ ይበቃል። ትልቁ ካርድ የሚጠቅመው ከባድ ከለር፣ ኢፌክትና ኖይዝ ማጥፋት ላይ ነው። ሶፍትዌርህም መፍቻውን መጠቀሙን ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ እይ፤ ጠፍቶ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ራም 16 ጊጋባይት አድርገው፤ አንድ ባለ 16 ከሚሆን ሁለት ባለ 8 ይሻላል። ሲስተሙና ሶፍትዌሩ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥነው ዲስክ) ላይ ይሁኑ።

ምንም ከመግዛትህ በፊት ግን ፕሮክሲ ሞክር። ይህን ደጋግሜ የምለው ስለሠራልኝ ነው። ሶፍትዌሩ ከዋናው ቪዲዮ ትንንሽና ቀላል ቅጂ ያዘጋጅልሃል። የምትቆርጠው በቅጂው ነው። ኤክስፖርት ስታደርግ ግን ዋናው ይተካና ጥራቱ አይነካም። ኬደንላይቭ የተባለው ነፃ የኤዲቲንግ ሶፍትዌርም ሆነ ነፃው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ይህን ይሠራሉ። ሊነክስ የምትጠቀም ከሆነ ግን ነፃው ሪዞልቭ ኤች 264ን አይከፍትም፤ ኬደንላይቭን ያዝ።

ሌላው መንገድ ቪዲዮውን በሙሉ ለኤዲቲንግ ወደሚመቹ ኮዴኮች፣ ወደ ፕሮሬስ ወይም ዲኤንኤክስኤችዲ መቀየር ነው። እዚያ እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው ስለተቀመጠ ፕሮሰሰሩ እፎይ ይላል። ዋጋው ቦታ ነው። በኤቪሲኤችዲ 11 ጊጋባይት ገደማ የነበረው የአንድ ሰዓት ቪዲዮ፣ በፕሮሬስ 422 በሰከንድ 30 ፍሬም ወደ 66 ጊጋባይት ይጠጋል። ያኔ ጭነቱ ወደ ዲስኩ ይዞራል፤ በተለይ ቪዲዮ የምትደራርብ ከሆነ። ለቪዲዮ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ኤስኤስዲ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው። እኔ ላፕቶፕ ላይ ፕሮክሲን እመርጣለሁ።

ሜሞሪ ካርዱን ስትገለብጥ ደግሞ የኤምቲኤስ (MTS) ፋይሎቹን፣ ማለትም ቪዲዮዎቹን ብቻ እየመረጥክ አትውሰድ። ፎልደሩን እንዳለ ገልብጥ። ካሜራው ረጅም ቀረጻን ይከፋፍለዋል፤ ቁርጥራጮቹን የሚያገናኘው መረጃ ሌሎቹ ፎልደሮች ውስጥ ነው። ለየብቻ ስታስገባቸው መጋጠሚያው ላይ ድምፅ ብልጭ ብሎ ሊጠፋ ይችላል። ይህ ደግሞ የኮምፒውተር አቅም የሚፈታው ነገር አይደለም። እንዲያውም የተገለበጠው በሌላ ዲስክም እስኪቀመጥ ካርዱን ፎርማት አታድርግ።

የፕሮሰሰርህን ሙሉ ስምና የምትጠቀመውን ሶፍትዌር ጻፍልኝ። መፍቻ እንዳለው አይቼ፣ አዲስ መግዛት ያስፈልግህ እንደሆነ ወይም ፕሮክሲ ብቻ ይበቃህ እንደሆነ እነግርሃለሁ።