አይሱዙው ገደል ውስጥ ነው ወይስ አስፋልት ላይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው፤ የአይሱዙ ሹፌር ነኝ። መኪናው ትራከር ተገጥሞለታል። ባለፈው ከደሴ ስወርድ ሐረጎ ላይ ከአስፋልቱ 400 ሜትር ወጥቼ ገደል ውስጥ እንዳለሁ አሳየ። ባለንብረቱ «ወጣ ብለህ ናፍጣ ሸጠሃል» ብሎ ያዘኝ። እኔ እንኳን ናፍጣ ልሸጥ፣ ለሽንትም አልቆምኩ። ሳተላይት እንዴት ይዋሻል? መላ የለውም?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። ገደል ገብቶ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ሳተላይቱ አልዋሸም፤ ጉዱ ያለው ተራራው ጋ ነው። ጂፒኤስ ያለህበትን ለማወቅ ቢያንስ የ4 ሳተላይቶችን ምልክት ይፈልጋል። ሳተላይቶቹ ያሉት 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነ ምልክቱ እዚህ ሲደርስ ደክሟል። ሐረጎ ላይ ደግሞ ተራራው ግማሹን ሰማይ ይጋርድብሃል። የተረፈውም ቋጥኝ ላይ ነጥሮ፣ ዞሮ ይመጣል። መሣሪያው ርቀት የሚለካው ምልክቱ በፈጀው ጊዜ ነው። የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ቢዘገይ ርቀቱ ላይ 300 ሜትር ይጨምራል።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ሐረጎን በጉም ስትወርድ በምንህ ትነዳለህ? ዓይንህ እንደሆነ ከኮፈኑ አያልፍም። ግን ሰውነትህ ወደ ጎን ሲገፋ ኩርባው መጀመሩን ታውቃለህ። ጆሮህ ድፍን ሲል ብዙ መውረድህን ታውቃለህ። ጥሩ መሣሪያም እንዲሁ ነው። ጋይሮስኮፕ መዞርን፣ አክስለሮሜትር መገፋትን ያያል። ካምቢዮው ላይ ያለው የፍጥነት ሴንሰር የሄድከውን ይቆጥራል። ጆሮህን የሚተካው የአየር ግፊት የሚለካው ባሮሜትር ነው።

አንድ ቅዳሜ እኔም ልሞክረው ብዬ ከደሴ ፒያሳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ። ኮምቦልቻ ስንደርስ የአየር ግፊቱ ወደ 60 ሄክቶፓስካል ጨምሯል። ባሮሜትሩ 600 ሜትር ያህል መውረዳችንን ያለ አንድ ሳተላይት ነገረኝ። ኮምፓሱ ግን አሳፈረኝ። ቁልቁል እየወረድን እሱ ወደ ደሴ እየተመለሳችሁ ነው ይላል! ለካ መቀመጫዬ ሥር ትልቅ ስፒከር አለ። ማግኔቱ ነው ያሳበደው።

እንግዲህ ሁሉም የየራሱ አመል አለው። አክስለሮሜትር በሰከንድ ስኩዌር 0.1 ሜትር ብቻ ቢሳሳትና ለ1 ደቂቃ ብቻውን ብትተወው 180 ሜትር ይስታል። ጎማ ሲያልቅ ዙሪያው ስለሚያንስ ቆጣሪው ከሄድከው በላይ ይቆጥራል። ባሮሜትር የአየር ጠባይ ሲለወጥ ይሸወዳል። አመላቸውን አውቆ፣ በየቅጽበቱ ማንን ምን ያህል ማመን እንዳለበት የሚያሰላው ካልማን ፊልተር የሚባለው ስሌት ነው። መሐንዲሱ ሩዶልፍ ካልማን በ1960 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሲሆን የአፖሎ መንኮራኩሮችም ወደ ጨረቃ ሲሄዱ ተጠቅመውበታል። ጣርማ በር ዋሻ ስትገባ ጂፒኤስ ዜሮ ነው፤ ስሌቱ ቆጣሪውንና ጋይሮስኮፑን ይዞ ይቀጥላል። ስትወጣ ጂፒኤሱ የተጠራቀመውን ስህተት ያርማል።

ያንተ ትራከር፣ እንደምገምተው፣ ጂፒኤስ ብቻ ነው ያለው። የገጠመውን ባለሙያ «ከፍጥነት ሴንሰሩ ጋር ይገናኛል? ጋሊሊዮና ግሎናስ የሚባሉትን ሌሎች የሳተላይት ሥርዓቶችስ ይቀበላል?» በለው። አንቴናው ብረት ሥር ተቀብሮ ከሆነም ያውጣው፤ ዳሽቦርዱ ፕላስቲክ ሥር ይሻለዋል።

ለባለንብረቱ ደግሞ የዚያን ቀን ሪፖርት አስወጣ። አስፋልቱ ላይ የነበርክበትንና ገደል የገባህበትን የሁለቱን ነጥቦች ሰዓት ተመልከት። በመካከላቸው 2 ሰከንድ ብቻ ካለ፣ 400 ሜትሩን የሄድከው በሰዓት 720 ኪሎ ሜትር እየበረርክ ነው ማለት ነው። በዚያ ፍጥነት የሚሄድ አይሱዙ ካለው፣ ናፍጣውን ትቶ ስለ መኪናው ዋጋ ያውራህ።