የጓዳ ጥያቄ፦ የቲማቲም ሾርባዬ ለምን ይጓጉላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለጓዳ አምድ። የምኖረው አዳማ ነው። አማቴ ሰሞኑን ጥርስ አስነቅለው እኛ ዘንድ ናቸው። ሐኪሙ ለስላሳ ነገር ብቻ ይውሰዱ ስላላቸው የቲማቲም ሾርባ እየሠራሁላቸው ነው፣ ግን ለስላሳ አልሆን አለኝ። በብሌንደር ፈጭቼውም ልጣጩ እየተጠቀለለ ይመጣል፣ ካሮቱ ይጎረብጣል፣ እንዲወፍር ዱቄት ስነሰንስበት ደግሞ ይጓጉላል። እሳቸው ምንም አይሉም። ግን ልጣጩን የሳህኑ ጠርዝ ላይ ደርድረው ሳይ አፍራለሁ። መብራት በሚጠፋበት ቀን ደግሞ ብሌንደሩም የለም። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ብሌንደሩን አትውቀሺው። ነገሩ የሚበላሸው ገና ድስቱ ላይ እያለ ነው።

ከልጣጩ ልጀምር። የቲማቲም ልጣጭ ላዩ ሰም መሰል ነገር የለበሰ ስለሆነ የፈለገውን ያህል ብታፈይው አይሟሟም፣ ብሌንደርም ይቆራርጠዋል እንጂ አያጠፋውም። መላጥ ነው ያለብሽ። ጥሬውን በቢላ ከላጥሽው ግን ግማሹ ሥጋ አብሮ ይሄዳል። ቂጡ ላይ በቢላ ጫፍ መስቀል አድርጊበትና የፈላ ውሃ ውስጥ ክተቺው። አንድ ደቂቃ ያህል ቆይተሽ በጭልፋ አውጪና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨምሪው። መስቀሉ ጋ ያለው ልጣጭ ወደ ኋላ ተጠቅልሎ ታዪዋለሽ፣ እሱን ይዘሽ ስትስቢ ሙልጭ ብሎ ይወጣል። 30 ሰከንድ ይበቃል የሚሉ አሉ፣ አዳማ ላይ ግን ትንሽ ታገሺ። አዳማ ቆላ ናት እንጂ ምን ከፍታ አላት እንዳትዪኝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ናት፣ ውሃ የሚፈላውም 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው።

ቲማቲሙን ስትገዢ ሞላላውንና ሥጋው ወፍራሙን ምረጪ፣ ክቡ ብዙ ጊዜ ውሃ ይበዛዋል። ቅርባችን ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ‘መልካ ሾላ’ እና ‘መልካ ሳልሳ’ የሚባሉ ለድልህና ለመሰል ነገር የሚሆኑ ዝርያዎች አውጥቷል። ገበያ ሄደሽ ሻጯን የዝርያውን ስም ብትጠይቂያት ግን “ቲማቲም ነዋ!” ነው የምትልሽ፣ ስለዚህ በዓይንሽና በእጅሽ ምረጪ። ማታ ላይ ዋጋው የሚወርድለት ለስለስ ያለው ለሾርባ አሪፍ ነው። የሻገተውንና የፈነዳውን ግን በነፃ ቢሰጡሽም ተዪው።

አሁን ወደ ካሮቱ። ከቲማቲሙ ጋር አንድ ላይ ነው የጣድሽው አይደል? እሱ ነው የጎዳሽ። ካሮትና ድንች ሲፈሉ የሚለሰልሱት አጣብቆ የያዛቸው ፔክቲን የሚባል ነገር ስለሚላላ ነው፣ የቲማቲም ኮምጣጣነት ደግሞ ያ ፔክቲን ቶሎ እንዳይላላ ያደርገዋል። ስለዚህ ረጅም ሰዓት ብትጥጂውም ልቡ ደረቅ እንዳለ ይቀርና ብሌንደሩ ውስጥ አሸዋ አሸዋ ይላል። ለ1 ኪሎ ቲማቲም አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ካሮትና አንድ መካከለኛ ድንች ይበቃሻል። ሽንኩርቱን በዘይት ሳይቀላ አቁላዪው፣ ካሮቱንና ድንቹን አድቅቀሽ ክተፊና ጨምሪ፣ 3 ኩባያ ውሃ አድርገሽ ክደኚው። በሹካ ስትነኪው መፍረስ ሲጀምር፣ ያኔ ብቻ፣ ቲማቲሙ ይግባ። ከዚያ በመለስተኛ እሳት 20 ደቂቃ። ጨውና ቁንዶ በርበሬ መጨረሻ ላይ። በጣም ከኮመጠጠ ቁንጥር ስኳር ጣል አድርጊበት፣ ከወንጂ ጎን እየኖርሽ ስኳር አትሰስቺ።

ከፈጨሽ በኋላ የሽቦ ወንፊት አምጪ። ብዙ ሰው ይህችን ነገር ይዘላታል፣ የምግብ ቤቱና የቤቱ ሾርባ የሚለያየው ግን እዚህ ላይ ነው። ሾርባውን በጥቂት በጥቂቱ እያፈሰስሽ በጭልፋ ጀርባ እያዞርሽ ተጫኚው። ወንፊቱ ላይ ደረቅ ያለ ፍሬና ገለባ ብቻ እስኪቀር አታቁሚ። የወንፊቱን የውጭ ጀርባም በማንኪያ ጥረጊው፣ ወፍራሙና ምርጡ እዚያ ነው ተጣብቆ የሚቀረው። ፍሬውን ገና ከመጀመሪያው አውጥተው የሚጥሉ አሉ። እኔ አልስማማም፣ ፍሬውን የከበበው ዝልግልግ ነገር ውስጥ ነው ብዙው ጣዕም ያለው።

ትኩስ ሾርባ ብሌንደር ውስጥ ሞልተሽ እንዳትከድኚ፣ እንፋሎቱ ክዳኑን አስፈንጥሮ ፊትሽን ያቃጥልሻል። ከግማሽ አታሳልፊ፣ የክዳኑን መሃል ቡሽ አውጥተሽ በፎጣ ያዢው። መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ድስቱ ውስጥ እንዳለ በጭልፋ ደፍጥጠሽ በወንፊት አሳልፊው። በደንብ ከበሰለ ልዩነቱን እማማ አያውቁትም፣ ክንድሽ ነው የሚያውቀው።

ዱቄቱን ተዪው፣ ድንቹ ያወፍረዋል። ግድ ካልሽ ግን ትኩስ ነገር ላይ አትነስንሺ። ልክ ገንፎ ሲጓጉል እንደሚሆነው፣ የዱቄቱ ውጪ ቶሎ ይበስልና ደረቁን ውስጡ ቋጥሮ ይይዛል። በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ እያማሰልሽ ጨምሪው። አንድ ነገር ደግሞ፣ ጥርሳቸውን በተነቀሉ ሰሞን ሾርባውን ትኩሱን አትስጫቸው፣ ለብ ሲል ይሻላል።

ጥያቄ፦ እኔም ከአዳማ ነኝ፣ ብቻዬን የምኖር ወንድ ነኝ። የቲማቲም ሾርባ ላይ ወተት ስጨምር ይቆራረጥብኛል። ወተቱ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ወተቱ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ቲማቲም ኮምጣጣ ነው፣ ወተት ደግሞ ኮምጣጣ ነገር ሲነካው ይረጋል፣ በተለይ ሲፈላ። እሳቱን አጥፋና ሾርባው ትንሽ በረድ ይበል። ወተቱን ለብቻ አሙቀህ፣ ሾርባውን በጭልፋ በጭልፋ ወተቱ ላይ አፍስስ፣ ተገላብጦ ነው እንግዲህ። ከዚያ በኋላ አታፍላው። ስብ የበዛበት ክሬም ከወተት የተሻለ ይቋቋማል። ከተቆራረጠም አትድፋው፣ ብሌንደር ውስጥ መልሰህ ብትመታው ብዙውን ይደብቅልሃል። በጾም ቀን ደግሞ አንድ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ በትንሽ ትኩስ ሾርባ በጥብጠህ ጨምርበት፣ ሞክረውና ንገረኝ።

ጥያቄ፦ አብዝቼ ሠርቼ ማስቀመጥ እችላለሁ?

መልስ፦ ትችያለሽ፣ ግን የአዳማን ሙቀት እያወቅሽ ድስቱን ምድጃ ላይ አታሳድሪው። በሁለት ሰዓት ውስጥ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍለሽ ፍሪጅ አስገቢው፣ 3 ቀን ይቆያል። ድንች ያለበት ሾርባ ሲያድር ይጠጥራል፣ ስታሞቂው ትንሽ የፈላ ውሃ ጨምሪና አማስዪው። ወተት የሚገባበት ከሆነ ወተቱን በምትበዪበት ሰዓት ጨምሪ።