ሁመስ በመተማ ሰሊጥ፣ ፓስታ በጎንደር ከፍታ

ሰላም ጤና ይስጥልን! የዚህ ሳምንት ጥያቄዎቻችሁ የእናት ሙያና የውጭ ምግብ የተቀላቀሉባቸው ናቸው። ደስ የሚለው፣ የሚያስፈልገው ዕቃ አብዛኛው እዚሁ ገበያችን ውስጥ አለ።

ልጆቼ ሁመስ (የተፈጨ የሽምብራ ማባያ) ይወዳሉ፤ ጣሂኒ ግን ዋጋው አይቀመስም። ምን ላድርግ? (ከአራዳ)

እህቴ፣ ጣሂኒ እኮ የተፈጨ ሰሊጥ ነው! የመተማና የሁመራ ሰሊጥ ባሕር ማዶ የሚላክ ነው፤ እኛ ደጃፍ ላይ እያለ የታሸገውን አይግዙ። እሳቱን ቀነስ አድርገው ሰሊጡን እያማሰሉ ያምሱት። መዓዛው ሲመጣ ወዲያው ያውርዱ፤ ከጠቆረ ይመራል። ሲቀዘቅዝ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርገው እስኪልም በጁስ መፍጫ ይፍጩት።

ሽምብራውን ማታ ዘፍዝፈው ያሳድሩ፤ ጠዋት በአዲስ ውሃ ይቀቅሉ። በሁለት ጣት ሲጫኑት ድቅቅ ካላለ አልበሰለም። ከዚያ ከሰሊጡ፣ ከሎሚ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከጨው ጋር አብረው ይፍጩት። ቤተሰቡ ስልጆ የለመደ ከሆነ ትንሽ ስናፍጭ ይጨምሩበት። እኔ እንደዚያ ነው የምወደው፤ ለጾምም ግሩም ነው።

ፓስታው ላይ 8 ደቂቃ ይላል፤ እኔ ጋ በ8 ደቂቃ ጥሬ ነው። ምድጃዬ ይሆን? (ተማሪ፣ ከማራኪ)

ምድጃህ ደህና ነው ወንድሜ። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚህ የአየር ግፊቱ አነስተኛ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። እሳት ብትጨምር ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ሁለት ሦስት ደቂቃ ጨምርና እየቀመስክ አውጣ። ስታጠልም አንድ ጭልፋ ውሃ አስቀርና ስጎው ላይ ጨምረው፤ ወፈር ያደርገዋል።

እናቴ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ስታቁላላ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሥራ ውዬ አልችለውም፤ አቋራጭ አለ? (ከአዘዞ)

ሽንኩርቱ ላይ አቋራጭ የለም፣ እናትዎ ልክ ናቸው። የወጡ ጣዕም የሚጀምረው ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ቀስ ብሎ ሲበስል ነው። ግን የሳምንቱን በአንድ ቀን መጨረስ ይቻላል። እሑድ ሦስት ኪሎ በደቃቁ ከትፈው በሰፊ ድስት ይጣዱ። ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ ያድርጉ። ቡናማ ሲሆን ዘይት ይጨምሩና ግማሹን ያውጡ። የቀረው ላይ በርበሬ ጨምረው፣ እንዳያር ውሃ ጠብ እያደረጉ ቁሌት ይሥሩ። ሽሮውም ዶሮውም ከዚህ ይነሳል።

ያለ በርበሬ ያወጡት ደግሞ የህንድ ዳል ይሆናል፦ ምስር ክክ፣ እርድ፣ ዝንጅብል፣ ከሙን። ቲማቲሙን ግን ምስሩ ከበሰለ በኋላ ይጨምሩ፤ ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ ከገባ ምስሩ ቶሎ አይለሰልስም። ሁለቱንም ፍሪጅ ውስጥ ከድነው ለሦስት አራት ቀን፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡ።

የጎርጎራ አሳ ስጠብስ ቤቱ ይሸታል። (ከፒያሳ)

ሲገዙ ዓይኑ የጠራ ይምረጡ። በሎሚና በጨው አሽተው ሩብ ሰዓት ያቆዩት፤ ከዚያ በደንብ አድርቀው ዱቄት ያልብሱት። ዘይቱ በደንብ ሳይግል አያስገቡት።