ለወጣት ተማሪዎች፦ ከማካፈላችሁ በፊት

ውድ ተማሪዎች፣

በአልጀብራም ሆነ በትሪጎኖሜትሪ ብዙ ነጥብ የሚያስጥለው ፎርሙላ አለማወቅ አይመስለኝም። ከአንዱ መስመር ወደ ቀጣዩ ስትሻገሩ «ከዚህ ተነስቼ ወደ ፊተኛው መስመር መመለስ እችላለሁ?» ብላችሁ ስለማትጠይቁ ነው። መመለሻ የሌለው እርምጃ ወይ ትክክለኛ መልስ ይጥላል፣ ወይ የሌለ መልስ ይጨምራል።

ማዕዘኑ ቴታ ከ0 እስከ 360 ዲግሪ ሆኖ 2 ሳይን ቴታ × ኮሳይን ቴታ = ኮሳይን ቴታ ቢሰጣችሁ፣ እጃችሁ ፈጥኖ ግራና ቀኙን ለኮሳይን ቴታ ያካፍላል። ሳይን ቴታ = 1/2 ይቀራል፤ 30 እና 150 ዲግሪ ብላችሁ ትዘጉታላችሁ። ኮሳይን ቴታ ራሱ ዜሮ ቢሆንስ? ለዜሮ ማካፈል አይቻልም። ይልቅ ሁሉንም ወደ አንድ ወገን አምጡና ኮሳይን ቴታን የጋራ አውጡ፦

ኮሳይን ቴታ × (2 ሳይን ቴታ − 1) = 0

አሁን 90 እና 270 ዲግሪም ብቅ ይላሉ። መልሱ አራት ነበር፤ ማካፈሉ ግማሹን በልቶታል። እባካችሁ፣ ዜሮ ሊሆን ለሚችል ነገር ከማካፈል የጋራ ማውጣትን ልመዱ።

የሌለ መልስ የሚጨምረው ደግሞ ስኩዌር ማድረግ ነው። √(ኤክስ + 6) = ኤክስ የሚለውን ስኩዌር ስታደርጉት ኤክስ² − ኤክስ − 6 = 0 ይሆናል፤ ከዚህም 3 እና −2 ይወጣሉ። −2ን በመጀመሪያው እኩልታ ተኩት፦ በግራ √4፣ ማለትም 2፤ በቀኝ −2። አይገጥምም፣ ይጣላል። የመጣበት ምክንያት 2ም −2ም ስኩዌር ሲደረጉ 4 መሆናቸው ነው፤ የምልክታቸው ልዩነት እዚያ ላይ ጠፍቷል። ስኩዌር በተደረገው መስመር ብታረጋግጡ −2 ያለ ችግር ያልፋልና፣ ማረጋገጫችሁ ሁልጊዜ ጥያቄው በተሰጠበት መልክ ይሁን።

ካልኩለስ ላይም ያው ጥያቄ ይሠራል። ዴሪቬቲቩ፣ ማለትም የግራፉ ተዳፋት፣ ዜሮ የሆነበት ነጥብ ሁሉ ከፍተኛ ወይም ዝቅተኛ ነጥብ አይደለም። የኤክስ³ ዴሪቬቲቭ 3ኤክስ² ነው፤ ዜሮ ላይ ዜሮ ይሆናል፣ ግራፉ ግን ከዜሮ በፊትም በኋላም ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ የዴሪቬቲቩን ምልክት ከነጥቡ ግራና ቀኝ ፈትሹ። ኢንተርቫሉ ዝግ ከሆነ፣ ማለትም ጫፎቹን የሚያካትት ከሆነ፣ ጫፎቹንም አስሉ፤ ትልቁ ዋጋ ብዙ ጊዜ እዚያ ተቀምጦ ይታለፋል። በቼይን ሩል (አንዱ ፋንክሽን በሌላው ውስጥ ሲሆን በምንጠቀምበት የዴሪቬቲቭ ደንብ) ደግሞ በውስጡ ዴሪቬቲቭ ማባዛትን አትርሱ፦ የ(3ኤክስ + 1)⁵ ዴሪቬቲቭ 15(3ኤክስ + 1)⁴ እንጂ 5(3ኤክስ + 1)⁴ አይደለም።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ካልኩሌተሩን ሳይን 30 ጠይቁት። 0.5 ካለ ዲግሪ ላይ ነው፤ −0.988 ካለ ራዲያን፣ ማለትም ሌላው የማዕዘን መለኪያ፣ ላይ። የሳይን ዴሪቬቲቭ ኮሳይን የሚሆነው ማዕዘኑ በራዲያን ሲለካ ብቻ ነው፤ በዲግሪ ከሆነ በፓይ/180 መባዛት አለበት።