የተረፈ ዘር

ባለፈው ሳምንት ሰባተኛ ክፍል የምትማረው የልጅ ልጄ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከችልኝ። የቤት ሥራዋ ነው። "እውነት ወይም ሐሰት በሉ" ይላል። ሦስተኛውን ጥያቄ በቀይ እስክሪብቶ አክብባበታለች። "የአንድ ጎነ አራት የአራቱም ጎኖች ርዝመት ከታወቀ ስፋቱ ይታወቃል።" ከሥሩ "አባባ፣ ይሄ እውነት ነው አይደል?" ብላለች።

መልሱ አንድ ቃል ነው። እኔ ግን ስልኩን አስቀምጬ ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ቁጭ አልኩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ መሬት ስቀይስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህን ጥያቄ አንድ ጊዜ ተሳስቼ መልሼዋለሁ። የተሳሳትኩት ደግሞ በሰው ማሳ ላይ ነው።

ስለዚህ ይህችን ደብዳቤ ለእሷም፣ ቅየሳና ግንባታ ለምትማሩትም፣ "ጂኦሜትሪ የት ሊጠቅመኝ ነው" ለምትሉትም ጽፌአታለሁ።

1979 ዓ.ም. ነው። ጎጃም ውስጥ አንድ ደጋ ቀበሌ ላይ ተመድቤአለሁ። የሙከራ ጊዜዬን እንኳ አልጨረስኩም። አንድ የጨርቅ ሜትር፣ ጥቂት ችካልና አንድ ደብተር ይዤ ነው የምዞረው። የአገሩ ሰው "መሐንዲሱ" ይለኛል። መሐንዲስ አልነበርኩም። ስሙ ደስ ስለሚለኝ ግን አላረምኳቸውም።

በቀበሌው ትምህርት ቤት ሊሠራ ታሰበና የአንድ ሽማግሌ ማሳ ተመረጠ። ለጥ ያለ ቦታ ነው። ስለካው 80 በ60 ሜትር ሆነ፤ አራቱም ጥጎቹ ቀጥ ያሉ። 4,800 ካሬ ሜትር፣ ግማሽ ሔክታር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ማለት ነው። ለእሳቸው በምትኩ ከወንዙ በላይ ሌላ መሬት እንዲሰጣቸው ገበሬ ማኅበሩ ወሰነ። እኩል አድርጎ ለክቶ መስጠት የእኔ ሥራ ሆነ።

ቦታው በላይ በኩል የእግር መንገድ አለው፣ በታች ወንዙ ነው። መንገዱ ላይ 80 ሜትር ለክቼ ሁለት ችካል ተከልኩ። ከዚያ የጎረቤትን ድንበር ተከትዬ በግራም በቀኝም 60፣ 60 ሜትር ወረድኩ። ድንበሩ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ነው። ታች ደርሼ በሁለቱ ችካሎች መካከል ስለካ 80 ሆነ። ደስ አለኝ። አራቱም ጎን ደብተሬ ላይ ካለው ጋር ገጠመ።

ሽማግሌው አጠገቤ ቆመዋል። "ልጄ፣ ይሄ እኮ አጋድሏል" አሉኝ።

"አባቴ፣ ቢያጋድልም ልኩ ያው ነው። የዚያኛው ዙሪያ 280 ሜትር፣ የዚህም 280" አልኳቸው።

ሰው ፊት ነው የመለስኩላቸው። አንድ ሁለቱ ሳቁ። ሽማግሌው ሌላ ቃል አልጨመሩም። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክተው ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

ነሐሴ ላይ ለሌላ ጉዳይ በዚያው ሳልፍ ዝናብ ያዘኝ። ቤታቸው አስገቡኝ፣ ቆሎ አቀረቡልኝ። ከዚያ ከጓዳ ቁና ሙሉ ገብስ አምጥተው ፊቴ አስቀመጡ።

"ይሄ ዘር ነው። የድሮው ማሳዬ አንድ ፍሬ ሳያስቀር ይወስደው ነበር። አዲሱ አተረፈልኝ" አሉ።

ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። ሠላሳ ዓመት በአንድ እጃቸው የዘሩ ሰው ናቸው። እጃቸው የሚበትነው ልክ አይዛነፍም። ዘር ከተረፈ መሬቱ ነው ያነሰው። እኔ በሜትር ያላየሁትን እሳቸው በቁና አውቀውታል።

ዝናቡ ሲያባራ ሜትሬን ይዤ ወጣሁ። ገብሱ ጉልበት ደርሷል። ከጥግ ወደ ጥግ ለመለካት መሀሉን አቋርጬ መሄድ አለብኝ። እንዳልረግጠው ቆም ስል "እለፍ፣ ይረገጥ" አሉኝ። እየረገጥኩ አለፍኩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ታገሱኝ። 80 በ60 የሆነ፣ ጥጎቹ ቀጥ ያሉ ማሳ ከጥግ እስከ ጥግ 100 ሜትር ነው። ግንበኞች 3፣ 4፣ 5 እያሉ ስኳድራ፣ ማለትም ቀጥ ያለ ጥግ፣ የሚያወጡበት ሒሳብ ነው፣ በሃያ ተባዝቶ። ከዚህኛውም ጥግ ለካችሁ ከዚያኛው፣ ሁለቱም ዲያጎናሎች እኩል 100 ይመጣሉ። እኔ የለካሁት ግን 72 ሜትር ብቻ ሆነ። ሌላኛውን ዲያጎናል ለመለካት ልብ አጣሁ። እንደሚረዝም አውቄአለሁ።

ዲያጎናሉ ማሳውን ለሁለት ጎነ ሦስት ይከፍለዋል። ጎነ ሦስት ደግሞ ሦስቱ ጎኖቹ ከታወቁ ስፋቱ ይታወቃል፤ የጥንቱ የሒሳብ ሊቅ የእስክንድርያው ሄሮን ካስተማረ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው። 80፣ 60 እና 72። ማታ በፋኖስ ሠራሁት። ሁለቱን ስደምር 4,150 ካሬ ሜትር ገደማ መጣ። ሽማግሌው 650 ካሬ ሜትር ያህል ጎድለዋል። ዙሪያው ግን ያው 280 ነው። ዋሽቼ አልነበረም። ውሸት ቢሆን ይሻል ነበር መሰለኝ፣ ቢያንስ አውቄው ይሆን ነበር።

በማግስቱ "አመለክትልዎታለሁ አባቴ" አልኳቸውና ሄድኩ። መሥሪያ ቤት ስደርስ አለቃዬ "ፋይሉ ተዘግቷል፣ ጣታቸውን አሳርፈዋል፣ አንተም ፈርመሃል" አለኝ። እዚያ ላይ ነው ያለቀው። በጽሑፍ አላመለከትኩም። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። ስህተቱን በዚያ ዕድሜ ማንም ሊሠራው ይችላል። ዝምታውን ግን እኔ ነኝ የመረጥኩት።

ከዓመታት በኋላ በዚያ አገር አለፍኩ። ትምህርት ቤቱ ቆሟል። ልጆች ግቢው ውስጥ ይሯሯጣሉ። ሽማግሌው አርፈዋል። ወንዙ ዳር ያለውን ማሳ ለማየት አልወረድኩም።

እንግዲህ ምክር ከተባለ ይሄ ነው። "በርትታችሁ አጥኑ" አልላችሁም፣ እሱን እናቶቻችሁ ይሉላችኋል። የምለው ስለ ቅርጽ ነው። ጎነ ብዙ ማለት ቀጥ ባሉ መስመሮች የተዘጋ ቅርጽ ነው። ስሙን በጎኖቹ ቁጥር ያወጣል። ግን ስሙን ስላወቃችሁ አውቃችሁት አይምሰላችሁ። አራት እኩል የሸምበቆ ቁራጭ ውሰዱና ጫፍ ለጫፍ በክር እሰሩ። ጣል ስታደርጉት ይጋደማል፣ ስትገፉት ይቃናል። ጎኖቹ አንድ ሚሊ ሜትር አልተለወጡም፣ ስፋቱ ግን እየጠበበ ሄዶ ዜሮ ይደርሳል። አምስትም ስድስትም ብታደርጉት ይወላገዳል። ሦስት ብቻ ስታስሩ ነው አልነቃነቅ የሚለው።

አባቴ የሠራው የጠፍር አልጋ ነበረን። በተኛን ቁጥር ይዋዥቃል። አንድ ቀን ጎረቤታችን አናጺው መጣና በእግሮቹ መካከል አንዲት እንጨት ሰያፍ አድርጎ መታባት። አለቀ፣ ጸጥ አለ። አባቴ ግን ውበቱን አበላሸብኝ ብሎ ነቀላት። እስኪሞት ድረስ እየተዋዠቀ ተኛ። የብረት በር የሚሠራ በያጅ ስታዩ ያቺን ሰያፍ ቱቦላሬ ፈልጓት። ለጌጥ አይደለም የገባችው።

"አራቱም ጎኖቹ እኩል ናቸውና ካሬ ነው" የምትለው ነገርም ይቅርባችሁ። ጥጎቹ 90 ዲግሪ ካልሆኑ ካሬ አይደለም፣ ራምበስ ነው። ጎንና ዘዌ (የጥጉ ዲግሪ) ሁለት የተለያዩ ምስክሮች ናቸው። አንዱን ሰምታችሁ አትፍረዱ።

አንድ ጊዜ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ላሊበላ ሄድን። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ፣ ከጉድጓዱ አፋፍ ቁልቁል እያየን ተከራከርን። አንዱ "መስቀል ነው፣ አራት ክንድ አለው፣ በቃ" አለ። እኔ ጎኖቹን ቁጠሩ አልኩ። የመስቀሉን ዙሪያ ብትከተሉት 12 ጎን አለው። ስምንቱ ጥግ ወደ ውጭ ነው፣ እያንዳንዱ 90 ዲግሪ። አራቱ ወደ ውስጥ የገቡ ናቸው፣ በቅርጹ ውስጥ በኩል ሲለኩ 270፣ 270 ዲግሪ። ደምሩት፣ 1,800 ይመጣል። ከ12 ላይ 2 ቀንሳችሁ በ180 ብታባዙም 1,800 ነው። ቅርጹ ወደ ውስጥ ቢገባም ሕጉ አይፈርስም። ቀያሽ የማሳውን ዘዌዎች ሁሉ ለክቶ በዚህ ሕግ ነው ራሱን የሚፈትሸው። ድምሩ ካልገጠመ አንዱ ቦታ ተሳስቷል። በዚያ ቀን ምሳ የጋበዘኝ ተከራካሪው ነው።

አሁን ስለ እናንተ ልናገር፣ አትቀየሙኝ። የዛሬ ልጆች ስልክ ይዛችሁ ማሳ ትዞራላችሁ፣ ስልኩ "ይሄን ያህል ነው" ይላችኋል፣ እናንተም ያንኑ ትጽፋላችሁ። የስልክ ጂፒኤስ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሜዳ ላይ እንኳ በጥቂት ሜትሮች ይስታል። 10 በ10 በሆነ የከተማ ቦታ ላይ 3 ሜትር ስህተት ማለት የአንድ ሰው ሳሎን ነው። ቁጥሩ ከስክሪን ስለመጣ አትመኑት። ባለ መሬቱን ጠይቁት።

ይህን ካልኩ በኋላ ደግሞ እውነቱን ልመን። በ1979 የእናንተ ስልክ በእጄ ቢኖር ኖሮ ሽማግሌው ያን ያህል ባልተጎዱ ነበር። ስልኩ ጎን አይለካም፣ ጥጎቹ ያሉበትን ቦታ ነው የሚመዘግበው። ጥጎቹ ከታወቁ ጋደለም ቀናም ትክክለኛው ስፋቱ ይወጣል። በጥቂት ሜትር ቢስት እንኳ 650 ካሬ ሜትር አይውጥም ነበር። ስለዚህ ማሽኑን አትመኑ ያልኩትን እንዴት እንደምትወስዱት እናንተው እወቁ።

ለልጅ ልጄ ማታ ላይ መለስኩላት። "ሐሰት" ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎም ስለ ሸምበቆው፣ ስለ ዲያጎናሉ፣ ስለ ገብሱ ረጅም የድምፅ መልእክት ላኩላት። ሰምታ እስክትጨርስ ጠበቅኩ።

"ውይ አባባ፣ ቆየህብኝ እኮ። 'እውነት' ብዬ አስረክቤዋለሁ" አለችኝ።

ማስተካከል ይቻል እንደሆነ ጠየቅኳት።

"እስከ ዓርብ ይቻላል" አለች።