በደንገል ታንኳ ውስጥ የሚሠራ ኮምፒዩተር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ከባሕር ዳር የተላኩ ናቸው። ሁሉም በእጅ ስለሚሠሩ ለየት ያሉ ኮምፒዩተሮች የሚጠይቁ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በጣና ዳር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት እሰጣለሁ። ባንኮኒዬ ላይ ያለውን ኮምፒዩተር ከቆርቆሮ ሳጥኑ አውጥቼ በትንሽ የደንገል ታንኳ ውስጥ ልገጥመው አስቤአለሁ። ታንኳ የሚሠሩ አንድ አባት ሊሠሩልኝ ፈቃደኛ ሆነዋል፤ ኮምፒዩተር የሚጠግነው ጓደኛዬ ግን «ደረቅ ደንገልና ኤሌክትሪክ አብረው አይኖሩም፤ ይቃጠላል» ይለኛል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ የጓደኛዎ ስጋት ተገቢ ነው፤ መፍትሔ ግን አለው። መፍትሔውም 220 ቮልቱን ከታንኳው ውጭ ማስቀረት ነው። የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳ የሚመጣውን ኃይል ተቀብሎ ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት የሚለውጥ፣ ራሱም የሚሞቅ ዕቃ ስለሆነ ደንገል ውስጥ ጨርሶ መግባት የለበትም። በምትኩ እንደ ላፕቶፕ በውጭ አዳፕተር 19 ቮልት የሚቀበል ትንሽ ማዘርቦርድ፣ ማለትም የኮምፒዩተሩ ክፍሎች ሁሉ የሚያያዙበት ዋና ሰሌዳ፣ ይምረጡ። ሚኒ-አይቲኤክስ የሚባለው መጠን፣ ቪያ የተባለው ኩባንያ በ2001 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው፣ 17 ሳንቲ ሜትር በ17 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስክሪኑ ተሰብሮ የተጣለ ላፕቶፕ ካለዎትም የእርሱ ማዘርቦርድ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ባትሪውን ግን፣ በተለይም ያበጠ ከሆነ፣ አስቀድመው ያስወግዱ።

ከእሳቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሙቀቱ ነው። እንዲህ ያሉ ሥራዎችን ስመለከት አብዛኞቹ የሚበላሹት ሠሪው መልኩን ጨርሶ ካሳመረ በኋላ ማራገቢያውን የት ላስገባው ብሎ ማሰብ ስለሚጀምር ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ጠለል ላይ ካለው አየር በስድስተኛ እጅ ያህል ይሳሳል፤ ማራገቢያው በእኩል ፍጥነት ቢዞርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ ከ35 ዋት የማይበልጥ ፕሮሰሰር (ስሌቱን ሁሉ የሚሠራውና ዋናውን ሙቀት የሚያወጣው ክፍል) ይግዙ፤ ለጽሕፈትና ለሕትመት ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ወደ ታንኳው እንምጣ። ከዘጌ ማገዶ ጭነው ወደ ከተማ የሚመጡትን ታንኳዎች እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቋቸዋል። የእርስዎም ታንኳ ጭነት ይኑረው። ከወገቡ ላይ 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ማራገቢያ ወደ ላይ እንዲነፍስ አድርገው ይግጠሙና ከበላዩ ቀጫጭን ጭራሮዎችን እንደ ማገዶ ጭነት ይደርድሩ፤ በጭራሮዎቹ መካከል የጣት ያህል ክፍተት ከተዉ ሞቃቱ አየር በዚያ ይወጣል፣ የሚያየው ሰው ግን ጭነት እንጂ ቀዳዳ አያይም። ቀዝቃዛው አየር ከሥር እንዲገባ ታንኳውን በሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል እግር ያንሡት፤ የመግቢያውንም አፍ በጥሩ ሽቦ ወንፊት ይሸፍኑ፣ ምክንያቱም በሐይቁ ዳር ማታ ማታ ብርሃን ተከትለው የሚመጡት ነፍሳት ማራገቢያውን በአጭር ጊዜ ይሞሉታል። ማዘርቦርዱን በቀጥታ ደንገሉ ላይ አያሳርፉ። የብረታ ብረት ሠራተኛ ስስ የአሉሚኒየም ጎድጓዳ ትሪ ይቁረጥልዎ፤ ቦርዱ በትሪው ላይ በብሎን ተነሥቶ ይቆማል፣ ደንገሉም በፕሮሰሰሩ ላይ ከሚቀመጠው ሙቀት ማስተላለፊያ ብረት ቢያንስ አራት ሳንቲ ሜትር ይርቃል። የዋይፋይ አንቴናው ከትሪው ውጭ በደንገሉ በኩል ይለፍ፤ ብረት ሞገዱን ይጋርዳል፣ ደንገል ግን አይጋርድም።

ደንገል እርጥበት ይስባል፤ ታንኳ ሠሪዎቹም በውኃ የራሰ ታንኳቸውን እያወጡ በፀሐይ የሚያደርቁት በዚህ ምክንያት ነው። እንዲሠሩልዎ የተስማሙትን አባት በሚገባ የደረቀ ደንገል እንዲመርጡልዎ ይጠይቋቸው፣ ዋጋቸውንም እንደ ባለሙያ ይክፈሏቸው፤ የዚህ ኮምፒዩተር ውበት በአብዛኛው የሚመጣው ከእርሳቸው እጅ ነው። በክረምት ኮምፒዩተሩን ለብዙ ቀናት ዘግተው አይተዉት። ሲሠራ የሚያወጣው ሙቀት ራሱን ያደርቀዋል።

ሥራው ሲያልቅ ኮምፒዩተሩን አንድ ሰዓት ሙሉ በከባድ ሥራ አስጨንቀው፣ መጀመሪያ ጭነቱን ሳይደረድሩ፣ ቀጥሎም ደርድረው የፕሮሰሰሩን ሙቀት በፕሮግራም ይለኩ። ልዩነቱ ከአምስት ዲግሪ በላይ ከሆነ ጭራሮዎቹን ያራርቁ።

ያልተለመደ ሳጥን ለጌጥ ብቻ ነው የሚልዎ ሰው ካለ ደግሞ ይህን ይንገሩት፦ በ1996 እ.ኤ.አ. ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በኋላ ጉግል የሆነውን ሥራ ሲጀምሩ፣ እያንዳንዳቸው 4 ጊጋባይት የሚይዙ 10 ሃርድ ዲስኮችን ያስቀመጡት በሕፃናት መጫወቻ ጡቦች በተሠራ ሳጥን ውስጥ ነበር። ርካሽ ነበር፤ ዲስክ ለመጨመር ሲፈልጉም ጡብ መቀጠል ብቻ ይበቃቸው ነበር።

ጥያቄ፦ የምህንድስና ተማሪ ነኝ። ኮምፒዩተርን በማዕድን ዘይት ውስጥ ማጥለቅ እንደሚቻል አይቻለሁ። በኑግ ዘይት ብሠራው ምን ይሆናል?

መልስ፦ ለጥቂት ሳምንታት ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ያስመርርዎታል። የኑግ ዘይትም እንደ ማዕድን ዘይቱ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ነገር ግን ከአየር ጋር ሲገናኝና ሲሞቅ ይሻግታል፣ እየወፈረም ሄዶ ሙጫ ይመስላል። ማራገቢያውን ያስራል፣ ከቦርዱም በቀላሉ አይለቅም። የማዕድን ዘይት አይሻግትም። በፈሳሽ የማቀዝቀዝ ሐሳብ ራሱ የተከበረ ታሪክ አለው፤ በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው ክሬይ-2 የተባለው ሱፐር ኮምፒዩተር ሰርኪቶቹ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ልዩ ፈሳሽ ውስጥ የጠለቁ ነበሩ። ከጀመሩት ግን ሁለት ነገሮችን ያስቡ። የተለመደው ሃርድ ዲስክ የአየር ቀዳዳ ስላለው ዘይት ይገባበታል፤ ወይ ከውጭ ይተዉት ወይ ኤስኤስዲ የሚባለውን፣ የሚሽከረከር ክፍል የሌለውን ማከማቻ ይጠቀሙ። ሁለተኛው፣ ዘይት ሙቀትን ይቀበላል እንጂ በራሱ አያጠፋውም፤ ፓምፕና ራዲያተር ከሌለው ቀስ እያለ እየሞቀ ይሄዳል። በተጨማሪም ዘይቱ በገመዶቹ ውስጥ እየሳበ ወደ ጠረጴዛዎ ይወጣል።

ጥያቄ፦ የእንጨት ሥራ እወዳለሁ። የግዕዝ ፊደል የተቀረጸባቸው የዋንዛ ቁልፎች ያሉት ኪቦርድ መሥራት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ እኔም ባየው ደስ ይለኛል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ሆሄ 231 ቅርጽ ይሆናሉ፣ ሁሉንም መቅረጽ ግን አያስፈልግዎትም፤ በድምፅ በሚጽፉ ፕሮግራሞች የቀሩት የሚገኙት አናባቢ በመጨመር ስለሆነ እንደ ፕሮግራምዎ ሁኔታ ግዕዙን ወይም ሳድሱን ብቻ ይቅረጹ። ፊደሉ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለገባ የሚጽፉት ጽሑፍ በማንኛውም ዘመናዊ ኮምፒዩተር ላይ ይነበባል። በአንድ ቁልፍ መሐልና በቀጣዩ መሐል ያለው ርቀት 19 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የመስቀል ቅርጽ ያለውን የታችኛውን መሰኪያ ከእንጨት ለመቅረጽ አይሞክሩ፤ በዚያ ቅጥነት ዋንዛ ይሰነጠቃል። ርካሽ የፕላስቲክ ቁልፎችን ገዝተው አናታቸውን በመጋዝ ከቆረጡ በኋላ ዋንዛውን ከላያቸው በማጣበቂያ ይግጠሙ፤ ፊደሉንም ከማጣበቅዎ በፊት ይቅረጹ፣ ምክንያቱም መሮ ሲመታ የሚፈጠረው ግፊት ከታች ያለውን መሰኪያ ይሰብረዋል።